የማይነቀለው ፔዳል

በቤት የተሠራ ሞተር ብስክሌት ማለት፣ አንዱ ፋብሪካ ለእግር ጉልበት ብቻ ብሎ የሠራው ብስክሌትና ሌላው ፋብሪካ ፍጹም ለሌላ ሥራ ብሎ የሠራው አሮጌ የቤንዚን ሞተር፣ የሁለቱም ፋብሪካዎች ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ በአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ በብሎን፣ በቺንጋና በተስፋ ተያይዘው የሚያስገኙት ተሽከርካሪ ነው። ይህ ፍጥረት ከመደበኛው ሞተር ሳይክል የሚለየው በፍጥነቱ ማነስ ወይም በጩኸቱ መብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ፣ ፔዳሉን እንደያዘ በመቅረቱ ነው። ፔዳል በእግር እየተረገጠ በካቴና አማካይነት የኋላውን ጎማ የሚያዞር መሣሪያ መሆኑን፣ ሞተሩም የሚገጠመው ለዚሁ እግር ዕረፍት ለመስጠት መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ትርፍ ዕቃ ሆኖ መነቀል በተገባው ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ሞተሩ ብርታት ለጎረቤት ሲያስረዳ የሚውል ሠሪ እንኳ ፔዳሉን ሲነቅል አይታይም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ብሂል በብረት ጽፎ ከእግሩ ሥር ያኖረዋል። ስለዚህ አንድ ሠሪ ሞተሩን ምን ያህል እንደሚያምን ማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ንግግሩን ከመስማት ይልቅ እግሩን ቢመለከት ይሻለዋል።

ለዚህ ሁሉ ድካም መነሻ የሚሆነው ሐሳብ በቁጥር ሲታይ የሚያሳፍር አይደለም። አንድ ጤነኛ ሰው ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ ፔዳል ሲረግጥ የሚያመነጨው ኃይል ከ75 እስከ 100 ዋት ግድም ሲሆን፣ አንድ የፈረስ ጉልበት የሚባለው የኃይል መለኪያ ደግሞ 746 ዋት ያህል ነው። በመሆኑም ጉልበቱ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ብቻ የሆነ፣ በዘመናዊ መኪና ዓይን ሲታይ የሚያስቅ አሮጌ ሞተር፣ አራት ወይም አምስት ሰዎች ተባብረው ፔዳል የሚረግጡትን ያህል ይሠራል። እነዚህ አራት አምስት ሰዎች ደመወዝም ሆነ ምሳ አይጠይቁም፤ ይሁንና ያለ ዕረፍት ያጨሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ዘይት ይተፋሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ዳገት መሐል ሁሉም በአንድነት ሥራ ያቆማሉ።

ጤናማ በሆነ የምክንያትና የውጤት ሥርዓት ውስጥ አስቀድሞ ችግር ይታያል፣ ከዚያም ለችግሩ መፍትሔ ይፈለጋል። በዚህ ሙያ ግን ቅደም ተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠ ነው፤ በመጀመሪያ ሥራ የፈታ ሞተር ይገኛል፣ ቀጥሎም ሠሪው ቀድሞ በእግሩ ይሄድበት የነበረው መንገድ ድንገት እንደረዘመበት ማሰብ ይጀምራል። ከዚህ አጠቃላይ ሕግ ውጭ ሊቆጠሩ የሚገባቸው ኩባውያን ናቸው። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሶቭየት ኅብረት መፍረስን ተከትሎ ነዳጅና ትራንስፖርት ሲጠፋባቸው፣ ከውሃ ፓምፕ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝና ከፀረ ተባይ መርጫ የተነቀሉ ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠሙ ሪኪምቢሊ የሚሏቸውን ተሽከርካሪዎች ሠርተዋል። በእነርሱ ዘንድ ችግሩ በእውነት ቀድሞ መጥቷል። በሌላው ዓለም የሚገኙት ሠሪዎች ግን፣ ስለ ነዳጅ ቁጠባና ስለ መንገድ ርቀት የሚያቀርቡት ማስረጃ ምንም ያህል ቢረዝም፣ ማስረጃው የተዘጋጀው ሞተሩ ከተገኘ በኋላ መሆኑ አይካድም።

ሥራ ከፈቱ ሞተሮች ሁሉ የዚህ ሙያ ወዳጆች አብልጠው የሚፈልጉት፣ በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት በኒውተን ከተማ የነበረው የሜይታግ ኩባንያ ለልብስ ማጠቢያ የሠራው ሞተር ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከገባ ብዙም ሳይቆይ የከተማው ቤት በኤሌክትሪክ ብርሃን ሲጥለቀለቅ፣ የገጠሩ ገበሬ ቤት ግን ገና በኩራዝና በእጅ ጉልበት ይተዳደር ስለነበር፣ ኩባንያው ለገጠር እመቤቶች በቤንዚን የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ አቀረበ። ከማጠቢያው ገንዳ ሥር የሚቀመጠው ይህ ሞተር አንዲት እመቤት ያለ ባሏ እርዳታ እንድታስነሳው ተብሎ በእግር የሚረገጥ ማስነሻ ተበጅቶለት ነበር፤ ጭሱም በሚተጣጠፍ የብረት ቱቦ እየተመራ በመስኮት ወይም በበር በኩል ወደ ውጭ እንዲወጣ ታስቦለት ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በብዛት የተሸጠው ባለ አንድ ሲሊንደሩ 92 የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ በ1937 ሁለት ሲሊንደሮቹ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚያዩት 72 ተከተለው። ከዚህ በፊት፣ በ1935፣ የአሜሪካ መንግሥት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር የሚባለውን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ሽቦውን ወደ ገጠር መዘርጋት ጀምሮ ነበርና፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በደረሰበት ሁሉ የቤንዚኑ ሞተር ከማጠቢያው ሥር እየወጣ ወደ ጎተራው ጥግ ተጣለ። በጎተራው ጥግ ደግሞ የገበሬው ልጅ ነበር።

በአሜሪካ ገጠር ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ሆኖ ለረጅም ዘመን ስለኖረ፣ ሞተሩ ገና በሥራ ላይ እያለ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ድረስ ብስክሌት ላይ ሊውል እንደሚችል ያሰበ ልጅ አይጠፋም ብሎ መገመት ለታሪክ ጸሐፊ ድፍረት አይሆንበትም። ሆኖም ልብስ ማጠቢያ ለመንዳት የተሠራ ሞተር ሰው ሊነዳው ሲሞክር ጠባዩን ወዲያው ያሳያል። ይህ ሞተር ወለል ላይ ረግቶ እንዲቀመጥ የተሠራ በመሆኑ የነዳጅ ጋኑ ራሱ መቀመጫው ነው፤ ካርቡራተሩም፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር እያደባለቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል፣ ነዳጁን የሚስበው ከዚያው ከሥሩ ነው። ጠፍጣፋ ወለል የለመደ ጋን ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ሲናጥ ቤንዚኑ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ ይጠግባል፣ አንድ ጊዜ ይራባል። ሠሪው ይህን ካየ በኋላ ጋኑን አውልቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ ሰልባትዮ መስቀል ይገደዳል፤ በዚህም የመጀመሪያው ማሻሻያ ይወለዳል፤ ማሻሻያም ብቻውን ተወልዶ አያውቅም።

የነዚህ አሮጌ ሞተሮች አብዛኞቹ ሁለት ምት ከሚባለው ዓይነት ናቸው። በሁለት ምት ሞተር ፒስቶኑ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሰው ድፍን ክፍል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የነዳጅና የአየር ድብልቅ እየጨመቀ ከበታቹ አዲስ ድብልቅ ይስባል፤ ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ሰጥቶ ድብልቁ ሲቃጠል ደግሞ ፒስቶኑ በኃይል ወደ ታች ይወረወራል፣ የተቃጠለውን ያስወጣል፣ ከሥሩ የሳበውንም ወደ ላይ ያሳልፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዋናው ዘንግ አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ነው። የራሱ የዘይት ቋት ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይሰጠዋል፤ ጭሱ ሰማያዊና ሽታው የማይረሳ የሚሆነውም ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ስለሚቃጠል ነው። በኢትዮጵያ በመስኖ ዳር ውሃ የሚስቡትን ትንንሽ ፓምፖች ያየ አንባቢ፣ አንድ ትንሽ ሞተር ለሥራ በተጠራ ጊዜ የሚያሳየውን ኩርፊያ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ለአሥርት ዓመታት የተጣለ ሞተር ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ የቀድሞው ዘይት ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ ፋሻ የሚባሉት የፒስቶን ቀለበቶችም ዝገት ይዟቸዋል። የተከበረው ዘዴ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይት አፍስሶ ቀናት መጠበቅ ሲሆን፣ ያልተከበረው ግን የተለመደው ዘዴ መዶሻ ነው። ፒስቶኑ ከተላቀቀ በኋላ ብልጭታው ይመረመራል። ብልጭታውን የሚያመነጨው ማግኔቶ የተባለው ክፍል ነው፤ በቮላኖው ላይ የተጣበቀ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ እየተጋጠሙ የሚለያዩ ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎችም ኤሌክትሪኩ በትክክለኛው ቅጽበት ወደ ካንዴላው እንዲዘል ያደርጋሉ። ጫፎቹ በእርጅና ስለሚዝጉ በደቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋሉ፤ ከዚያም ካንዴላው ተፈትቶ፣ አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ፣ ሞተሩ እየተሽከረከረ ብልጭታው በዓይን ይታያል። ይህን ፈተና ሽቦውን በጣቱ ይዞ የሚያካሂድ ሠሪ ግን ውጤቱን ለማወቅ ዓይኑን መጠቀም አያስፈልገውም።

ሞተር እንዲነሣ ብልጭታ፣ ነዳጅና ጭመቃ መሟላት አለባቸው፤ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ብለው ያልፋሉ። መጻሕፍቱ የማይጽፉት ነገር፣ በአሮጌ ሞተር ላይ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቀን ለመገኘት የማይስማሙ መሆናቸው ነው። ብልጭታው በተገኘ ዕለት ካርቡራተሩ ይደፈናል፤ ካርቡራተሩ በጸዳ ማግስት የታችኛው ክፍል ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ አየር ያስገባል፤ ሁለት ምት ሞተር ድብልቁን የሚስበው ደግሞ በዚያው በታችኛው ክፍል በመሆኑ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንኳ ሞተሩን ዲዳ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ደረጃ ላይ ብስክሌቱ ገና አልተነካም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሂሳብ ጥያቄ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሂሳብ ጥያቄዎችም ዝምተኛውን ሠሪ ከተሳዳቢው ይለያል። የተለመደው የብስክሌት ጎማ ስፋቱ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ግድም ይጓዛል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በደቂቃ 500 ሜትር መጓዝ ስለሚያስፈልግ ጎማው በደቂቃ 240 ጊዜ ያህል መዞር ይኖርበታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ዙሩ ጎማው ዘንድ ከመድረሱ በፊት አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል መቀነስ አለበት። ይህን ስሌት ዘሎ የሞተሩን ዘንግ ከጎማው ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው፣ ሞተሩ ቢታዘዘው ኖሮ በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር፤ ሞተሩ ግን ሸክሙን ስለማይችል ወዲያው ይጠፋል፤ ለሠሪውም ይህ ከሁሉ የላቀ የደኅንነት መሣሪያ ሆኖ ያገለግለዋል።

ዙርን ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ከሩብ ያህል ስፋት ያላት ሻካራ ድቡልቡል ብረት ገጥሞ ጎማው ላይ ማሳረፍ ነው፤ ትንሿ ብረት ትልቁን ጎማ በማሻሸት ስታዞር ሂሳቡ ያለ ማርሽና ያለ ካቴና በራሱ ይስተካከላል። ከ1946 ጀምሮ በፈረንሳይ የተመረተውና በሚሊዮኖች የተሸጠው ቬሎሶሌክስ በዚህ መንገድ የፊተኛውን ጎማ ይነዳ ነበር፤ ነጂው ሞተሩን በማንሻ ከጎማው ላይ ከፍ ሲያደርገው ተሽከርካሪው ተመልሶ ብስክሌት ይሆናል። የዘዴው ድክመት ጎማውን መብላቱና በዝናብ ቀን መንሸራተቱ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ብረቱ በርጥብ ጎማ ላይ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሞተሩ በደስታ ይጮኻል፣ ብስክሌቱም ባለበት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ይታወሳል።

በዚያው በ1946 በጃፓን ሐማማትሱ ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ የተባለ መካኒክ የሥራ ጓደኞቹን ሰብስቦ በዚሁ ሥራ ተጠምዶ ነበር። አገሩ ጦርነቱን ተሸንፋ፣ ባቡሩና አውቶቡሱ በሰው ተጨናንቆ፣ ነዳጅም በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ ለጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ መገናኛ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ 500 ያህል ትንንሽ ሞተሮች አገኘ፤ እዚህም ላይ ሞተሩ ቀድሞ መገኘቱን ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ሙከራ እንደ ቬሎሶሌክስ የፊቱን ጎማ በማሻሸት የሚነዳ ሲሆን ጎማው ስላልቻለው ተትቶ፣ ኃይሉ በቺንጋ ወደ ኋላው ጎማ እንዲተላለፍ ተደረገ። ለነዳጅ ጋንነት የታጨው በክረምት ሌሊት ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚገባ የእግር ማሞቂያ ነበር፤ በሌሊት እግርን ከብርድ ያሳርፍ የነበረው ዕቃ በቀን ከድካም እንዲያሳርፈው ታዘዘ ማለት ነው። ነዳጁም ብርቅ ስለነበር ከጥድ ሙጫ በሚገኝ ዘይት እየተደባለቀ ይቀርብ ነበር፤ ጢሱ ምን ምን ይል እንደነበር መገመት ለአንባቢ የተተወ ነው።

በቺንጋ የሚነዳ ብስክሌት የራሱ የሆነ ፍልስፍና አለው። ከኋላው ጎማ ቸርኬ ጎን ከሽቦዎቹ ጋር የሚታሰር ትልቅ ቀለበት ይዘጋጃል፣ ቺንጋው ከሞተሩ ትንሽ ቀለበት ተነሥቶ በእርሱ ላይ ይዞራል፣ መሐል ላይ ያለ መወጠሪያም ሲጠብቅ ኃይሉ ይተላለፋል፣ ሲላላ ይቋረጣል፤ በዚህም መወጠሪያው ፍሪሲዮን የሌለውን ሞተር ፍሪሲዮን እንዳለው ያስመስለዋል። ካቴና በአንጻሩ ይቅርታ አያውቅም። አይንሸራተትም፣ አይላላም፣ ሞተሩ በድንገት ሲይዝ ድንጋጤውን በሙሉ ወደ ሽቦዎቹ ያደርሰዋል፤ ሽቦዎቹም የተሠሩት የሰው ክብደት ለመሸከም እንጂ ከጎን የሚመጣ ጉተታ ለመቋቋም ስላልሆነ፣ አንድ በአንድ እየተበጠሱ የሚሰጡት ጥርት ያለ ድምፅ ሠሪውን ወደ ቺንጋው ይመልሰዋል። ይህ ጽሑፍ ለቺንጋው ያደላል፤ በዚህ ሙያ የሚንሸራተት ነገር ከሚሰበር ነገር ይመረጣል።

ሞተሩን የት ማስቀመጥ ይሻላል የሚለው ጉዳይ በአንድ ወቅት ታላቅ ክርክር ነበር። ፓሪስ ተቀምጠው የሠሩት ወንድማማቾቹ ሚሼልና ዩጂን ወርነር በ1897 ሞተሩን ከመሪው ፊት ከፊተኛው ጎማ በላይ ሰቀሉት። ክብደቱ ከላይ በመሆኑ ተሽከርካሪው ለመውደቅ ይቸኩል ነበር፤ ሞተሩም ድብልቁን የሚለኩሰው በእሳት በጋለ ቱቦ በመሆኑ፣ የወደቀው ተሽከርካሪ ከመውደቁ በላይ በእሳት የመያያዝ ዝንባሌ ነበረው። ወንድማማቾቹ በ1901 ሞተሩን ዝቅ አድርገው ፔዳሉ በነበረበት አካባቢ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል አስቀመጡት፤ ሞተር ሳይክሎች እስከ ዛሬ ሞተራቸውን የሚሸከሙትም እዚያው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በጣሊያን ኩቾሎ የተባለው 48 ሲሲ ሞተር ወጣ፤ ሲሲ የሲሊንደርን ውስጣዊ ይዘት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የሚገልጽ መለኪያ ነው። በ1944 በቦንብ የተደበደበው የቦሎኛው የዱካቲ ፋብሪካ ከሬዲዮ ዕቃዎች ሥራ ወደ ሞተር ሥራ የገባው ይህንኑ ኩቾሎ በማምረት ነው። ኩቾሎ ከብስክሌቱ ሆድ ሥር ይንጠለጠላል፣ የፔዳሉ ዘንግ በሞተሩ አካል ውስጥ ያልፋል፣ ማርሹም የሚመረጠው በፔዳሎቹ አቀማመጥ ነው። ፔዳሉን ማባረር ያልቻለ መሐንዲስ ሌላ ሥራ እንደሰጠው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሞተሩ ቦታውን ከያዘ በኋላ የብስክሌቱ ሌሎች ክፍሎች ቅሬታቸውን በየተራ ያቀርባሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያማርረው ፍሬኑ ነው፤ የተንቀሳቃሽ ነገር ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር የተሻገረ ብስክሌት ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። የቸርኬውን ጠርዝ በሁለት ቁራጭ ጎማ ቆንጥጦ የሚያቆም ፍሬን ይህን የፊዚክስ ሕግ የሚማረው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ሌላው ቅሬታ የሚመጣው ከብሎኖቹ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ፒስቶኑ በተመላለሰ ቁጥር መላ አካሉን ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ጠዋት በጥንቃቄ የጠበቀ ዳዶ ከሰዓት በኋላ በመንገድ ዳር ይለቀማል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አባባል የተናገሩት አበው ሞተር ብስክሌት አይተው እንደማያውቁ እርግጥ ቢሆንም፣ ለዚህ ክስተት የተሻለ ሳይንሳዊ መግለጫ አልተገኘም። ልምድ ያለው ሠሪ ከዳዶው ሥር የሚወጠር ቀለበት ያስገባል፤ ከዚያ በላይ ልምድ ያለው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ትርፍ ዳዶ ይዞ ይወጣል።

የዚህን ሙያ ማኅበራዊ ገጽታ የሚያጠና ሰው የሠሪውን ቤተሰብ ሊዘነጋ አይገባም፤ ሠሪው ራሱ የሚፈትነውን ነገር ሁሉ ራሱ ላይ ብቻ አይፈትንምና። የሆንዳ ኩባንያ ስለ ራሱ ታሪክ ባስቀመጠው መዝገብ የሶይቺሮ ባለቤት ወይዘሮ ሳቺ የሰጡት ምስክርነት ለዚህ የላቀ ዋጋ አለው። ባልየው ሞተሩን የገጠመው ሚስቱ ለገበያ ፔዳል ስትረግጥ መድከሟን ማየት ስላልቻለ ነው የሚለው ታሪክ በሰፊው ይወራል፤ ወይዘሮዋ ግን ይህ ከጊዜ በኋላ ታሪኩን ለማሳመር የተጨመረ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ምናልባት ጥቂት እውነት ቢኖረው እንኳ ዋናው ነገር ሴት ልትነዳው ትችል እንደሆነ ለማወቅ መፈለጉ እንደነበረና እርሳቸውም የሙከራ እንስሳ እንደሆኑ ተናግረዋል። ሰው በሚበዛበት ዋና ጎዳና ላይ እንዲነዱ ስለተደረጉም ካላቸው ሞንፔ፣ ማለትም የጃፓን ሴቶች በጦርነቱ ዘመን ይለብሱት ከነበረው ሰፊ ሱሪ፣ የተሻለውን መርጠው ለበሱ። ዞረው ሲመለሱ ሱሪው በዘይት ተበክሎ ነበር። ይህ ነገር አይሆንም፣ ደንበኞችህ ይቆጡሃል ብለው ሲገሥጹትም፣ ሌላ ጊዜ ዝም በይ ማለት የሚቀናው ባል በዚያን ዕለት እንደዚያም ሊሆን ይችላል ብሎ መለሰ። በሞተር ብስክሌት ታሪክ ውስጥ ከዚህ ፈጣን የቴክኒክ ምርመራ ውጤትና ከዚህ ትሑት የመሐንዲስ ምላሽ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆንዳ በ1949 ፔዳል የሌለው ድሪም የተባለ ሞተር ሳይክል ለገበያ ቢያቀርብም፣ በ1952 ካብ ኤፍ የተባለውን በብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ የሚገጠም ሞተር ይዞ በብስክሌት ሱቆች በኩል ወደ ፔዳሉ ዓለም ተመልሷል።

ፔዳሉን ማን ያዘዋል ለሚለው ጥያቄ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ዳገት ነው። በ1901 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ዊልያም ሃርሊ የተባለ ወጣት በብስክሌት ላይ የሚገጠም 116 ሲሲ ሞተር በወረቀት ላይ ነደፈ፤ ከጓደኛው ከአርተር ዴቪድሰን ጋር ሆኖ ሲሠራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1903 ተጠናቀቀ። ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ሄደ። የሚልዋኪን መጠነኛ ዳገቶች ግን ነጂው ፔዳል እየረገጠ ካላገዘው በስተቀር መውጣት አልቻለም፤ ወጣቶቹም ይህን ሥራ እንደ ትምህርት ቆጥረው ትተውት ወደ ትልቅ ሞተርና ወደ ጠንካራ አካል ተሻገሩ። የኋላ ኋላ ስማቸው የጉልበተኛ ሞተር ሳይክል መጠሪያ የሆነው ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት ሞተራቸውን በእግራቸው እየገፉ መሆኑን፣ ዛሬ ስማቸው የተጻፈበትን የቆዳ ጃኬት የሚለብሱ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ ማለት ያስቸግራል።

በቤቱ ሞተር የገጠመ ሰው ከዚህ የተለየ ዕጣ አይጠብቀውም። ሜዳው ላይ ሞተሩ ያለ እርዳታ ይሄዳል፤ ዳገቱ ሲጀምር ድምፁ ከጩኸት ወደ ማጉረምረም ይለወጣል፤ ነጂው ማንም እንዳላየው ዙሪያውን ቃኝቶ ቀስ ብሎ መርገጥ ይጀምራል፤ ከዳገቱ አናት ሲደርስም የሞተሩን ጥንካሬ በአድናቆት ይገልጻል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ከግማሽ የፈረስ ጉልበቱ ጋር የተደመረው፣ የፈረስ ጉልበትን አንድ አሥረኛ የሚያህል የሰው ጉልበት ልዩነት አምጥቷል፤ ሒሳቡን የሚያካፍል ግን የለም።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ፔዳል ከሠሪዎቹ ባላነሰ ያከብሩታል። የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት ሕግ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ብስክሌትን ሲተረጉም፣ የሞተሩ ጉልበት ከ4 የፈረስ ጉልበት እንዲያንስ ከማዘዙም በላይ፣ በሰው ጉልበት ለመንዳት በሙሉ የሚያገለግል ፔዳል እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሞተሩን በፍጹም ልቡ ያመነ ሠሪ ቢነሣ እንኳ እምነቱን ፔዳል በመንቀል መግለጽ አይፈቀድለትም። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን የብሪታንያው ነው። በዚያ አገር በ1971 መጨረሻ የወጣው ደንብ የ16 ዓመት ወጣቶች ከ50 ሲሲ የማይበልጥ ሞተርና በእውነት ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ፔዳል ካለው ተሽከርካሪ በስተቀር ሌላ ሞተር ሳይክል እንዳይነዱ ከለከለ፤ የደንቡ አሳቢዎች በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት እናቶች ወደ ገበያ የሚሄዱበትን ዝግተኛ ሞተር ብስክሌት ሳይሆን አይቀርም። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በ1973 ያቀረበው ኤፍኤስ1-ኢ ደንቡን ቃል በቃል አከበረ፤ ሞተሩ 50 ሲሲ አይሞላም፣ ፔዳልም አለው። በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጡን ደንቡ አልከለከለም ነበር። ሁለቱ ፔዳሎች ደግሞ ወደ ፊት ተዙረው አንድ ላይ ሲቆለፉ እግር ማሳረፊያ ይሆኑ ስለነበር፣ ወጣቱ ነጂ ፔዳሉን የሚያስታውሰው ፖሊስ ሲያስቆመው ብቻ ነበር፤ በዚያን ጊዜም በትሕትና ፈትቶ ጥቂት ይረግጥ ዘንድ ይቻለው ነበር። ደንቡ በ1977 ተሻሽሎ ፔዳል አያስፈልግም ተባለ፤ በዚያው ቀን በአዲሶቹ ተሽከርካሪዎች ላይ በሰዓት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የፍጥነት ገደብ ተጣለባቸው። ወጣቶቹ እጅግ አዘኑ፤ ያዘኑት ግን ለፔዳሉ አልነበረም።